ሙቀት እንደ ማሽላ ሲቀበር

ይህ ድሬዳዋ ላይ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሙያ ሰልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጎረቤትም ነበረበት፣ ጡረተኛም ነበረበት፣ ማራገቢያ ፍለጋ የገባም ነበረበት። ከስልክ ቀረጻ ገልብጬ፣ የደጋገምኩትን ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ!

በሮቶ ልጀምር። ከካናዳ የመጣሁ ሰሞን እህቴ ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሻወር ገባሁ። ቧንቧውን ከፈት ሳደርገው ጮህኩ። ውሃው ይፋጃል። እህቴ ከውጭ ሆና ትስቃለች። «አቦ፣ በዚህ ሰዓት ማን ሻወር ይገባል? ሮቶው ጣሪያ ላይ መሆኑን ረሳኸው?» አለችኝ። እውነትም ረስቼው ነበር። በማግስቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስገባ ደግሞ ያው ሮቶ፣ ያው ቧንቧ፣ ውሃው ቀዝቅዟል።

የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው። ጥቁሩ ሮቶ ቀኑን ሙሉ ሙቀት በነፃ ሰበሰበ፤ ሌሊቱን ሙሉ መልሶ በተነው። አንድ ሌሊት እንኳ ይዞ ማደር አልቻለም። ብርድ አገር ያሉ ሰዎች ግን «ከሐምሌ እስከ ጥር እንያዘው» ብለው ተነሱ። ስድስት ወር ማለት ነው። ያዙትም። እንዴት እንደያዙት፣ ኋላም ምን እንደገጠማቸው ልንገራችሁ።

እኔ ካልጋሪ ነው የኖርኩት፤ የቤት ማሞቂያ ስጠግን። ብርዱን ለማታውቁት፦ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ገና ከበር ስትወጡ የአፍንጫችሁ ፀጉር ይደርቃል። መኪና ማታ ማታ እንደ ሞባይል ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ። ማሞቂያ ተበላሸ ተብላችሁ ሌሊት ከተጠራችሁ «ነገ እመጣለሁ» የሚባል ነገር የለም። እስከ ነገ ግድግዳ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይተረትረዋል።

የቋንቋ ነገር ላንሳ። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብ ነው፤ ለድሬ ሰው እንዲያውም እፎይታ ነው። «በጋ» ስንል ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ደረቅ ወቅት ነው። የነሱ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እዚያ ያለው ሐበሻ ሁሉ እንደሚለው ሰመርና ዊንተር እላለሁ።

የካልጋሪ ሰመር ያስቃል። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ልጆች በጠራራ ፀሐይ «ተኙ» ይባላሉ። በዊንተር ደግሞ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ነው። ፀሐይ በሽ በሽ ስትሆን ማሞቂያ የሚፈልግ የለም፤ ማሞቂያ ሲያስፈልግ ፀሐይ የለችም። ሁለቱ አይገናኙም።

ይህን ችግር የሐረርጌ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በሙቀት ሳይሆን በማሽላ። ማሽላ የሚታጨደው በአንድ ወቅት ነው፤ የሚበላው ዓመቱን ሙሉ። ምን አደረገ? ቀበረው። ልጅ ሆኜ ሐረማያ አካባቢ አያቴ ዘንድ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አይቻለሁ። አፉ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው እጁን ሰብስቦ ነው የሚገባው። ሆዱ ግን ሰፊ ነው፤ ልክ እንደ እንስራ። ድንጋዩን አነሱ፣ አፈሩን ጠረጉ፣ ከዚያ ሁሉም ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ልሮጥ ስል አያቴ ሸሚዜን ይዛ አስቀረችኝ። እህሉ ታፍኖ ሲተነፍስ ጉድጓዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ቸኩሎ የገባ ሰው ላይወጣ ይችላል። አየር እስኪገባው ጠበቁ። ከዚያ ማሽላው መውጣት ጀመረ። ግድግዳው አጠገብ ያለው ሻግቷል፣ ይሸታል። መሃል ያለው ግን ደህና ነው። ማንም በሻገተው አልተገረመም። የዳሩ እንደሚበላሽ ስለሚያውቁ ጉድጓዱን ትልቅ አድርገው ነበር የቆፈሩት።

ይህን ምስል ያዙልኝ። ዳሩ ይበላሻል፣ መሃሉ ይተርፋል። አሁን ማሽላውን አውጡና ሙቀት አስገቡበት።

ለምን ትልቅ መሆን አስፈለገው? ቡና ቤታችሁ ውስጥ መልሱ አለ። ስኒ ውስጥ ያለው ቡና ወሬ ስትጀምሩ ይቀዘቅዛል። ጀበናው ውስጥ ያለው ግን ቶና እስኪቀዳ ይቆያል። ሙቀት የሚያመልጠው በውጭኛው ገጽ በኩል ነው፤ የሚቀመጠው ግን በሆድ ውስጥ ነው። አንድን ነገር ወርዱንም ቁመቱንም ጎኑንም እጥፍ ብታደርጉት ገጹ 4 እጥፍ ይሆናል፤ ሆዱ ግን 8 እጥፍ። ለመቀዝቀዝ የሚወስደው ጊዜም፣ መሬት ውስጥ ከሆነ፣ 4 እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ለአንድ ቤት ብቻ የሚሆን ትንሽ የሙቀት ጉድጓድ ብትቆፍሩ እንደ ስኒ ነው፤ ገና ጥቅምት ሳይወጣ ባዶ ይሆናል። ለሰፈር የሚሆን ስትቆፍሩ ነው ነገሩ የሚሰራው። ይህን በደንብ አስምሩበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መሬት ራሱስ? መሬት ሰነፍ ነው፤ እዚህ ላይ ስንፍናው ይጠቅመናል። የቀን ሙቀት አፈር ውስጥ ግማሽ ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። የዓመት ሙቀት ደግሞ 10 ሜትር ገደማ ይወርድና ይጠፋል። ከዚያ በታች ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ፓሪስ ውስጥ ከኮከብ መመልከቻው ተቋም ስር 28 ሜትር ጥልቀት ላይ ባሉት ዋሻዎች ቴርሞሜትር ያስቀመጡ ሳይንቲስቶች ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን አይተዋል፤ ላይ በረዶ ሲጥል፣ ላይ ሐሩር ሲሆን፣ ታች ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። መሃል ላይ ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል እንጂ 7 ሜትር ገደማ ላይ የሰመር ሙቀት የሚደርሰው ስድስት ወር ዘግይቶ፣ ላይ ዊንተር ሲሆን ነው። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ እዚያ ሲደርስ ከኃይሉ የቀረው ከሃያ እጅ አንዱ ገደማ ነው።

ይህንኑ ዘዴ በትንሹ ማየት የሚፈልግ ሐረር ይውጣ። ጀጎል ውስጥ የድሮዎቹ ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው። ግማሽ ሜትር ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ግማሽ ቀን ያህል ያዘገየዋል። የቀትሩ ሙቀት ውስጥ የሚገባው ሌሊት ላይ ነው፤ ሐረር ደግሞ ሌሊት ይበርዳል። ያን ግድግዳ የሰራው ሰው ስሌቱን አልጻፈውም እንጂ ያውቀው ነበር። እኛ ዛሬ በስስ ብሎኬትና በቆርቆሮ ሰርተን ማራገቢያ እንገዛለን። ይሄን ሌላ ቀን እንጣላበት።

ወደ ኦኮቶክስ ልውሰዳችሁ። ከካልጋሪ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ድሬክ ላንዲንግ የሚባል የ52 ቤቶች ሰፈር አለ። አንድ እሁድ በመኪና ሄጄ አየሁት። እውነቱን ልናገር? የሚታይ ነገር የለም። ቤቶቹ እንደማንኛውም ቤት ናቸው። ከጓሮ የተያያዙ ጋራዦች አሉ፤ ጣሪያቸው ላይ መስታወት ተደርድሯል። አንድ ትንሽ የማሽን ቤት አለ። አጠገቡ በረዶ የለበሰ ሜዳ፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ዋናው ነገር ያለው ከልጆቹ እግር ስር ነው።

ጋራዦቹ ላይ ያሉት መስታወቶች ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ዓይነት አይደሉም። የእህቴ ሮቶ የተማሩ የአክስት ልጆች ናቸው በሏቸው፤ ፀሐይ የሚያሞቀው ፈሳሽ ውስጣቸው ይዞራል። ፈሳሹ እንዳይረጋ ግላይኮል አለበት፤ መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ቁጥራቸው ወደ 800 ይጠጋል። ሙቀቱ መጀመሪያ ማሽን ቤቱ ውስጥ ወዳሉ ሁለት ትላልቅ ታንከሮች ይሄዳል፤ ሁለቱ ተደምረው 240 ሺህ ሊትር ይይዛሉ። በባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ 120 ሮቶ ማለት ነው። ይሄ ግን ለቀናት እንጂ ለወራት አይሆንም። ለወራት የሚሆነው ሜዳው ስር ነው።

ሜዳው ስር 144 ጉድጓዶች አሉ። እያንዳንዱ 35 ሜትር ይወርዳል፤ ባለ አስር ፎቅ ሕንፃ ተገልብጦ የተቀበረ አድርጋችሁ አስቡት። በየጉድጓዱ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ወርዶ ታች ላይ ታጥፎ ይመለሳል። ጉድጓዶቹ በክብ ነው የተደረደሩት፤ የክቡ ወርድም 35 ሜትር ነው። ከላይ ሙቀት የማያሳልፍ ኢንሱሌሽን አለበሱት፣ አፈር መለሱበት፣ ሣር ዘሩበት። ከጎንና ከስር ምንም የለውም፤ መሬቱ ራሱ ነው ግድግዳው። እሳት በአመድ እንደሚዳፈን በሉት።

የቧንቧ ሰዎች፣ አሁን የምላችሁን ስሙኝ፤ እኔን ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። በሰመር ሙቅ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው መሃል ላይ ነው። ከመሃል ተነስቶ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየቀዘቀዘ ወደ ዳር ይወጣል። በዊንተር ፍሰቱ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከዳር ገብቶ እየሞቀ ወደ መሃል ይሄድና ከመሃል ይወጣል። ስለዚህ መሃሉ ሁልጊዜ ሙቅ ነው፤ ሰመር ሲያልቅ እስከ 80 ዲግሪ ይደርሳል። ዳሩ ለብ ያለ ነው። ለብ ያለ ነገር ብዙ አያባክንም። የማሽላው ጉድጓድ ማለት ነው፤ ዳሩን ለመሬት ሰጥተው መሃሉን ለራሳቸው አስቀሩ።

ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት አልሞላላቸውም። በ2007 ስራ ሲጀምር መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ነበር፤ የተሰጠውን ሙቀት ራሱ በላው። አዲስ ጀበና መጀመሪያ ራሱ መሞቅ አለበት አይደል? ዓመት በዓመት እየተጠራቀመ ሄደ። በአምስተኛው ዓመት፣ 2012 ላይ፣ ቤቶቹን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው 97 በመቶው ከፀሐይ መጣ። በ2015 መጨረሻ የጀመረው ዊንተር ደግሞ መቶ በመቶ። ውጭ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ቤት ውስጥ ሰው በቲሸርት፣ የሚነድ ጋዝ የለም። የተቀበረው የሐምሌ ፀሐይ ጥር ላይ በቧንቧ ሲመጣ አስቡት።

ብርድ አገር ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ዴንማርክ ውስጥ ማርስታል የምትባል የደሴት ከተማ ጉድጓድ መቦርቦር ትታ 75 ሺህ ሜትር ኩብ የሚይዝ ኩሬ ቆፈረች፤ ፕላስቲክ አነጠፈችበት፣ ሙቅ ውሃ ሞላችው፣ ላዩን ተንሳፋፊ ክዳን ከደነችው። ውሃ ከአፈርና ከድንጋይ በመጠን እጥፍ ያህል ሙቀት ይይዛል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ቢሞቅ 70 ኪሎዋት ሰዓት ይዟል፤ ባለ አንድ ኪሎዋት ምድጃ ለ70 ሰዓት እንደማንደድ ነው።

ወደ ሰሜን ጫፍ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የካናዳ ኑናቩት 25 መንደሮች አሏት። አንዱን ከሌላው የሚያገናኝ መንገድ የለም። ሁሉም የየራሳቸው የዲዝል ጄኔሬተር አላቸው፤ ዲዝሉ የሚመጣው ባሕሩ ሲቀልጥ፣ በሰመር፣ በመርከብ ነው። «እነዚህ ናቸው የተቀበረ ፀሐይ የሚያስፈልጋቸው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን የቆሙበት መሬት በረዶ ነው። ፐርማፍሮስት ይሉታል፤ ሰመር ከዊንተር የማይቀልጥ አፈር። ሳይቤሪያ፣ ያኩትስክ ላይ፣ ሼርጊን የሚባል የንግድ ሰው በ1828 የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ድሬ ቢሆን ውሃ ይገኝ ነበር። እሱ እስከ 1837 አስቆፍሮ 116 ሜትር ደረሰ፤ መሬቱ አሁንም በረዶ ነው። ተስፋ ቆርጦ ተወው። ጉድጓዱ ግን ሳይንቲስቶች የመሬቱን ሙቀት የለኩበት ሆነ።

እንዲህ ዓይነት መሬት ውስጥ 80 ዲግሪ ውሃ መልቀቅ የራስን ቤት መሠረት ማቅለጥ ነው። ጭቃ ይሆናል፤ ቤቱ ይሰምጣል። አላስካ ውስጥ በ1977 ስራ የጀመረው የነዳጅ ቧንቧ ሙቅ ዘይት ስለሚያልፍበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በምሰሶ ተሰቅሎ ነው የሚሄደው። ብዙዎቹ ምሰሶዎች ውስጥ ደግሞ ሙቀትን ከመሬት ወደ አየር የሚያስወጡ ቱቦዎች አሉ፤ መሬቱ ሳይቀልጥ እንዲቆይ። አንዱ ጋ ሙቀት ለመቅበር ይለፋል፣ ሌላው ጋ ሙቀት ከመሬት ለማውጣት። ሁለቱም ብርድ አገር ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። ድሬክ ላንዲንግ በ2024 እንዲዘጋ ተወሰነ። ቤቶቹ ወደ ጋዝ ማሞቂያ ዞሩ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጉድጓዱን ነበር፤ ሙቀቱ አመለጠ ብዬ። አይደለም። መሬቱ ስራውን ሰርቷል። ያስቸገረው ከመሬት በላይ ያለው ነው። ዕቃው ማርጀት ጀመረ፣ መበላሸቱ በዛ። እንዲህ ዓይነት ሰፈር በአካባቢው አንድ ብቻ ስለነበር መለዋወጫውም ባለሙያውም በቀላሉ አይገኝም፤ ማስጠገኛው ከአቅም በላይ ሆነ። እኔ በሙያዬ የማውቀው ነገር ነው። ተራ የጋዝ ማሞቂያ ሲበላሽ ዕቃው መኪናዬ ውስጥ አለ፤ ከሌለም ከሱቅ አመጣዋለሁ። በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ያሉት ማሽን ሲበላሽ ግን ስልክ መደወል ነው፣ መጠበቅ ነው። ካልጋሪ አጠገብ እንዲህ ከሆነ መርከብ በዓመት አንዴ በሚደርስበት መንደር ምን ሊሆን ነው? የአንዲት ፓምፕ ጎማ ብትበጠስ ምን ያህል ትጠብቃለህ?

ስለዚህ ይህን ነገር ለሩቅና ለብርድ አገር የሚነድፉ ሰዎች ስለ ጉድጓዱ ብዙ ያወራሉ፤ እኔ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። ፓምፑን ማን ይፈታዋል? የት ይገኛል? ስንት ቀን ይፈጃል?

«ለድሬስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ ስለማይቀር ራሴ ልቅደም። ለድሬ ሙቀት መቅበር አያስፈልግም፤ አላህም እግዜርም በቂ ሰጥቶናል። ላይ ያለው አየር በዓመት ውስጥ የሚዋዥቀው ትንሽ ነው። አስራ አምስት ሜትር ብትቆፍሩ የምታገኙት የዓመቱን አማካይ፣ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐረር ላይ ከዚያ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። ደግሞ የምንጠጣው ውሃ ከመሬት ነው የሚወጣው፤ ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች። የሚንቀሳቀስ ውሃ ያለበት መሬት ሙቀትን አይይዝም፤ ውሃው ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ የመጠጥ ውሃ ባለበት 144 ቦታ እንቦርቡር የሚል ሰው ቢመጣ እኔው ራሴ እከለክለዋለሁ።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። አንዲት ሰልጣኝ «ሙቀት ከተቀበረ ብርድስ አይቀበርም?» አለች። ከኔ ንግግር ይልቅ የሷ ጥያቄ ሳይሻል አይቀርም። ይቀበራል። ስዊድን ውስጥ ሱንድስቫል ከተማ ያለው ሆስፒታል ከ2000 ጀምሮ የዊንተሩን በረዶ ቆልሎ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ አልብሶ፣ በሰመር ሕንፃውን ከበረዶው በሚቀልጠው ውሃ ያቀዘቅዛል። እኛ በረዶ የለንም። ግን 38 ዲግሪ በሆነ ቀን 25 ዲግሪ መሬት ውስጥ ያለፈ አየር ቀላል ነገር አይደለም። ለጊዜው ሮቶውን ጥላ ስር አድርጊው አልኳት፤ ሳቁብኝ።

የመጨረሻውን የጠየቁኝ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሱ ሰው ናቸው። ተነሱና «ልጄ፣ ዕቃ ጠፍቶ ተዘጋ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። በአብዛኛው።»

«ብረት መቅረጫ ቶርኖ የላቸውም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እኛ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ባቡር አቁመን አንጠብቅም ነበር። እዚሁ ከዚራ እንቀርጸው ነበር» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና «ያ ፓምፕ ዘንጉ ስንት ሚሊ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አላውቀውም ነበር። እፈልግልዎታለሁ ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩ።